ዝምተኛው መኪና

ባለፈው ወር ስለ ጎማ ንፋስ ሳወራችሁ «ይህ ሰው ከመኪና በቀር ሌላ ወሬ የለውም እንዴ?» ያላችሁ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው። የማስተምረው ሒሳብ ቢሆንም ልቤ ያለው ከመኪና ጋር ነው። ልጆች ሳለን አጥር ሥር ተቀምጠን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ የሚመጣውን መኪና በድምፁ እንለይ ነበር። ሞተሯ ከኋላ የሆነውንና በውኃ ሳይሆን በነፋስ የምትቀዘቅዘውን ቮልስ ማንም አይሳሳታትም። ላዳ ታክሲ በማርሿ፣ አይሱዙ ዳገት ላይ በሚያሰማው ጩኸት ይታወቃሉ። ላወቀ ሰው ሽልማቱ ሙገሳ ብቻ ነበር።

ያ ጨዋታ ዛሬ ሊቀር ምንም አልቀረው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም ከተነገረ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ መጥተዋል። እኔ ማርሚታዋ የተቀደደ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነው የምነዳው። ስለዚህ አዲሶቹን መኪኖች በሩቁ እያየሁ «ሞተር የሌለው መኪና ደግሞ ምን መኪና ነው?» እል ነበር።

አንድ ቀን የባለቤቴ ወንድም አዲስ የገዛትን የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጣና «እስቲ ሞክራት» አለኝ። ሱብሃነላህ! ፍሪሲዮን የለ፣ ካንዴላ የለ፣ የሞተር ዘይት ለውጥ የለ፣ የነዳጅ ማደያ ሰልፍ የለ። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ከመነሻው ስለሚሰጥ፣ እግሬን ገና ጣል ሳደርግ ተፈትልካ ሄደች። ድምፅ ግን የላትም። እንደ ሕፃን ልጅ ደስ ብሎኝ ወደ ሰፈራችን መንገድ ገባሁ። መንገዳችን አዲስ አስፋልት የለበሰ በመሆኑ የጎማው ድምፅ እንኳ አይሰማም።

ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። በሰፈራችን ዓይነ ስውር የሆኑ አንድ አዛውንት ሼኽ አሉ። ያለ መሪ፣ በዱላቸው ብቻ ከቤታቸው መስጊድ፣ ከመስጊድ ቤታቸው ይመላለሳሉ። ያን ዕለት ከመንገዱ ጠርዝ ቆሙ፣ ጆሯቸውን ወዲህና ወዲያ አዞሩ፣ ከዚያም ተረጋግተው ወደ አስፋልቱ ገቡ፤ ልክ በእኔ ፊት! ፍሬኑን እንዴት እንደረገጥኩት አላውቅም። መኪናዋ ስትቆም ዱላቸው ኮፈኗን መታ። አልሐምዱ ሊላህ፣ እሳቸውን አልነካኋቸውም።

እየተንቀጠቀጥኩ ወረድኩ።

«ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ሼኻችን፣ አስተማሪው።»

«አንተ ነህ? ያንተ መኪና እኮ ከመስጊዱ በር ጀምራ ነው የምትጣራው! የዛሬዋ ምን ነካት?»

«የዛሬዋ የእኔ አይደለችም፣ የኤሌክትሪክ ናት። አፉ ይበሉኝ፤ ክላክስ ማድረግ ነበረብኝ።»

ሼኹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም ልጄ። ክላክስ ሲጮህብኝ ደንግጬ ባለሁበት እደርቃለሁ። ክላክስ መኪናው የት እንዳለ ይነግረኛል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይነግረኝም። የሞተር ድምፅ ግን እየቀረበ ይሁን እየራቀ፣ እየፈጠነ ይሁን ሊቆም፣ ሁሉንም ይነግረኛል። አንተ በዓይንህ የምታየውን እኔ በእሱ ነው የማየው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጉዳዩን ማንበብ ስጀምር፣ ሼኹ የነገሩኝን በሕግ ተጽፎ አገኘሁት። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥር እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቁጥር 138 ደንብ፣ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በዝግታ ሲሄዱ ለእግረኛ የሚሰማ ድምፅ እንዲያወጡ ያዛል። ድምፁም ፍጥነት ሲጨምር እየቀጠነ፣ ሲቀንስ እየወፈረ እንዲሄድ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ደግሞ በአዲስ በሚመዘገቡ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ አድርጎታል። የሚሠራው እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ የጎማው ድምፅ ራሱ ይበቃል ተብሎ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ አደጋው ያለው በቀለበት መንገድ ላይ ሳይሆን እኛው ቀስ ብለን በምንነዳበት ነው። በትምህርት ቤት በር፣ በመስጊድ ደጃፍ፣ ከግቢ ወደ ኋላ ስንወጣ!

እንግዲህ ምን እናድርግ? የኤሌክትሪክ መኪናን እንጥላ አልልም። ጭስ የለውም፤ እኔም አቅሙ ቢኖረኝ ነገ እገዛ ነበር። ነገር ግን ልትገዙ ያሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ስለ ባትሪውና ስለ ቀለሙ ከመጠየቃችሁ በፊት «ለእግረኛ ድምፅ ያሰማል ወይ?» በሉ። ወደ አገራችን የሚገቡት መኪኖች ለተለያየ አገር ገበያ የተሠሩ ናቸውና ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ድምፁን የሚያጠፋ ቁልፍ ያለው ከሆነም ቁልፉን አትንኩት። ውስጥ ለተቀመጠው የማይረባ ጫጫታ ቢመስለውም፣ ውጭ ለቆመው ሕይወቱ ነው።

ሾፌሮች ሆይ! ዝም ያለ መኪና የያዘ ሰው፣ እግረኛው ያላየኝና ያልሰማኝ ነው ብሎ ይንዳ። ዱላ የያዘ ሰው ካያችሁ ክላክስ አታድርጉ፤ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ መስኮታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ይለፉ፣ ቆሜያለሁ» በሉ። ከዚህ የበለጠ ክላክስ የለም።

ወላጆችም አንድ ትምህርት መለወጥ አለብን። እኛ ስናድግ «መኪና ይመጣል፣ አዳምጥ!» እየተባልን ነው። የዛሬ ልጅ ግን ድምፅ ስላልሰማ ብቻ መንገዱ ባዶ ነው ብሎ እንዳያምን፣ ግራና ቀኝ፣ እንደገናም ግራ ማየትን በተግባር እናስተምረው። እጁን ይዘን መንገድ ዳር እንቁም፤ በአንድ ምክር ብቻ አይያዝም።

ሼኹ እስከ ዛሬ በዚያው መንገድ ይመላለሳሉ። የእኔን ማርሚታ ለማስበየድ ወደ ጋራዥ ልሄድ ስል አግኝቻቸው ብነግራቸው፣ «ተዋት ባክህ! እሷ እንኳ ሰላምታ ታውቃለች» ብለው አሳቁኝ። ማርሚታውን ግን አስበይጄዋለሁ፤ የጎረቤትም ጆሮ ሐቅ አለውና። አሁን ስደርስባቸው በመስኮት እኔው ሰላምታ አቀርባለሁ።