ስሙ የቀረ፣ ልኩ የጠፋ ባሩድ

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የምናገኛት ባቢሌ በለውዟ፣ በዝሆኖች መጠለያዋና በአቅራቢያዋ ባሉት የዳካታ ሸለቆ ቋጥኞች ትታወቃለች። መንገዱ ግን ሌላም ታሪክ አለው። ጅግጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር እጅ ከወደቀች በኋላ፣ በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻ በኢትዮጵያ ጦር እስከተመለሰችበት ጊዜ ድረስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ምድር የውጊያ አውድማ ነበር። ጦርነት ሲያበቃ ወታደር ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ያልተተኮሰ ጥይትና ያልፈነዳ ተተኳሽ ግን በአፈር ውስጥ ይቀራል።

እንዲህ ያለውን አሮጌ ጥይት ያገኘ ሰው “ባሩዱ ለሌላ ቀለሃ ይሆን ይሆን? ምን ያህሉስ ይበቃል?” ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ጥያቄው ለአገራችን አዲስ አይደለምና። በአፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ባዶ ቀለሃም እንደገና ይሞላ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ዘመን በአመዛኙ የጥቁር ባሩድ ዘመን ነበር። አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት የ1874 ሞዴል የፈረንሳይ ጠመንጃ የተሠራው ለዚሁ ባሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ጢስ አልባውን ባሩድ ሲሠራ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ።

ጢስ አልባ ባሩድ በናይትሮሴሉሎስ ላይ የተመሠረተ ነው። ሲቃጠል ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱ ደግሞ ቃጠሎውን ያፋጥነዋል። ስለሆነም በመጠኑ ላይ የሚደረግ ትንሽ ጭማሪ በግፊቱ ላይ ትንሽ ጭማሪ ብቻ አያስከትልም። የቃጠሎው ፍጥነት በቅንጣቶቹ መጠን፣ ቅርጽና ሽፋን ይወሰናል፤ ፍጥነቱንም በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። በመሆኑም ለአንድ ጥይት የሚበቃውን የባሩድ ክብደት የሚያሳየው ሠንጠረዥ የአንድ የተወሰነ ባሩድ፣ በተወሰነ ቀለሃና በተወሰነ አረር የተገኘ የልኬት ውጤት እንጂ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ አይደለም።

ፋብሪካው ያንን ባሩድ ማምረት ሲያቆም ምን ይሆናል? ስሙ ይቀራል፤ ትርጉሙ ግን ይደበዝዛል። በአሜሪካ ሆጅደን የተባለው ድርጅት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የመድፍ ባሩድ 4831 በሚል ቁጥር ሸጧል። ቆየት ብሎ የዱፖንት ድርጅት ያቀረበው ሌላ ባሩድም ይህንኑ ቁጥር ይዞ ወጣ፤ ነገር ግን ከፊተኛው ይልቅ ፈጥኖ የሚቃጠል ነበር። ቁጥሩ አንድ፣ ባሕርዩ ሁለት ማለት ነው። በዚህ ላይ የቀድሞ መጻሕፍት ግፊትን የለኩት አንዲት የመዳብ ዘንግ ምን ያህል እንደተጨፈለቀች በማየት ሲሆን፣ የዛሬዎቹ የሚለኩት በፒዞኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጥ አስተማማኝ ቀመር የለም።

ሦስተኛው ችግር እርጅና ነው። ናይትሮሴሉሎስ ቀስ በቀስ ሲፈርስ የሚወጡት የናይትሮጅን ኦክሳይዶች መፍረሱን ያባብሱታል። እንደ ዳይፌናይላሚን ያሉ ማረጋጊያዎች እነዚህን ጋዞች ይይዛሉ፤ ማረጋጊያው ሲያልቅ ግን ባሩዱ በራሱ ሊግልና ሊቀጣጠል ይችላል። ሙቀት ሂደቱን ያፈጥነዋል። በቱሎን ወደብ እ.ኤ.አ. በ1907 የጦር መርከቧ ኢዬና፣ በ1911 ደግሞ ሊበርቴ ፈንድተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለቁት በባሩድ መበላሸት ሳቢያ እንደሆነ ታምኖበታል። በባሕር ኃይል ግምጃ ቤት የተጠበቀው ይህን ካደረገ፣ በቆላ ፀሐይ ለአሥርተ ዓመታት የከረመው ምን ዋስትና አለው?

“ከጥቂቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይበጃል” የሚሉ አሉ። ምክሩ ማንነቱ ለታወቀና በደኅና ለተያዘ ባሩድ ይሠራል፤ ለዚያም ቢሆን መነሻው ከሠንጠረዡ ይገኛል። ማንነቱ ላልታወቀ ባሩድ ግን “ጥቂት” የሚባለው ስንት እንደሆነ ራሱ አይታወቅም። በእኛ እምነት ማንነቱ ያልተረጋገጠ ባሩድ ደኅንነቱ የተጠበቀ ልክ የለውም። መልሱ ማስወገድ ነው፤ ይህም የባለሙያ ሥራ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ም ጉዳዩን በፈቃድ ሥር አስገብቶታል።

ይሁንና አዋጅ ብቻውን አይበቃም። ከሐረር እስከ ጅግጅጋ ባሉት ትምህርት ቤቶች የኬሚስትሪ መምህራን ስለ ቃጠሎ ፍጥነት ሲያስተምሩ ይህን ምሳሌ ቢያነሡ፣ ከብት ሲያግድ ጥይት ያገኘ ልጅ ቀለሃውን ለመፈልቀቅ ድንጋይ ከማንሣቱ በፊት ምክንያቱን ያውቃል፤ እንዳገኘው ትቶ ለአካባቢው ፖሊስ ወይም ለታላላቆቹ ይናገራል። ለእናንተም ለወደፊት ተመራማሪዎች ትምህርቱ አንድ ነው፤ ቁጥር ስትመዘግቡ በምን ነገር፣ በምን መሣሪያና በምን ሁኔታ እንደተገኘ አብራችሁ መዝግቡ። ይህ የጎደለው ቁጥር ለሚቀጥለው ትውልድ የሚተላለፍ ዕውቀት ሳይሆን ወጥመድ ነው።