ቤትን ለማሳደስ ባለሙያ ስለ መምረጥ

ቤታቸውን ለማሳደስ ያሰቡ ቤተ ሰቦች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፥ «እምነት የሚጣልበት ባለሙያ ከወዴት እናግኝ?» የሚል ነው። ጥያቄው አንድ መስሎ ቢታይም በውስጡ ሁለት ጥያቄዎች ተጣምረው ይገኛሉ። እምነት የሚጣልበት ሰው መሆን አንድ ነገር ነው፤ ባለሙያ መሆን ደግሞ ሌላ ነው። አብዛኛውም ጉዳት የሚደርሰው አንዱን ባገኘን ጊዜ ሁለተኛውንም ያገኘን ስለሚመስለን ነው።

በአገራችን ልማድ ሠራተኛ የሚፈለገው በሰው በሰው ነው። በእድር ወይም በጽዋ ማኅበር የሚታወቅ ግንበኛ ይጠራል፤ አለዚያም የአክስት ልጅ አናጢ ነውና ከባዕድ ይልቅ የራስ ሰው ይሻላል ተብሎ ሥራው ለእርሱ ይሰጣል። ልማዱ ክፉ አይደለም። ነገ በእድሩ ድንኳን ውስጥ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው ዛሬ ሲሚንቶ ለመደበቅ ያፍራልና። ነገር ግን ኀፍረት ግድግዳን ቀጥ አያደርግም። እንዲያውም ሥራው የተበላሸ እንደ ሆነ ዘመድን ለመውቀስ አፍ ይያዛል፤ ቂሙም በሆድ ይቀመጣል፤ ጉዳቱ ከገንዘብ አልፎ ወደ ዝምድና ይደርሳል። ስለዚህ በማኅበር ወይም በሥጋ ዝምድና የተገኘውን ሰው ቢሆን እንኳ ስለ ሙያው ለብቻው መመርመር ይገባል እንላለን።

ለምርመራው ከሁሉ የሚበልጠው ከዚህ ቀደም ያደሰውን ቤት፥ ይልቁንም ሁለት ክረምት ያለፈበትን፥ ሄዶ ማየት ነው። አዲስ የተቀባ ግድግዳ ሁሉ ያማረ ነውና ከእርሱ ብዙ ትምህርት አይገኝም። የዚያን ቤት እመቤት በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ገብቶባቸው እንደ ሆነ፥ ሠራተኛውም ተጠርቶ ተመልሶ መጥቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰውየውን ወደ ቤታችሁ አምጥታችሁ እርጥበት የያዘውን ግድግዳ አሳዩትና ጥቂት ዝም በሉ። ዋጋ ለመናገር የሚቸኩለው፥ «ልስኑን አራግፈን እንደ ገና እንለስነዋለን» ይላል። ዐዋቂው ግን ወደ ውጭ ወጥቶ አሸንዳውን ይመለከታል፤ የጣራው ውኃ ወዴት እንደሚወርድ፥ የግቢው ዐፈር ተቆልሎ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ እንደ ሆነ ያያል። የእንጨት ቤት ከሆነም የቋሚዎቹን ግርጌ በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ምስጥ በልቶአቸው እንደ ሆነ ድምፃቸውን ያዳምጣል። ባለቤቱ የጭቃ ቤቱን በሲሚንቶ ለማስለሰን በፈለገ ጊዜም ወዲያው እሺ አይለውም። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር በደኅና አይዋሐድምና፤ ጭቃው እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅም ይኰማተራል፤ ሲሚንቶው ግን ግትር ነውና አብሮት ሊሄድ ስለማይችል እየተነፋ ይረግፋል። ከጤፍ ጭድ ጋር ቀን ተቀምጦለት በሚገባ የተቦካ ጭቃ ለምርጊት የበለጠ እንደሚስማማ የሚናገረው፥ ምንም እንኳ ከሲሚንቶው ሥራ የሚያገኘው ገንዘብ ቢቀርበትም፥ ሙያውንም ጠባዩንም በአንድ ቃል አሳይቶአል።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንናገር፤ ብዙ ቤት የሚፈርሰው በዚህ ነውና። አንዲት በሰፈራችን የሚኖሩ ባል የሞተባቸው እናት የእቁብ ዕጣቸውን እንደ ተቀበሉ፥ በግንቦት ወር ለአንድ አናጢ የእጅ ዋጋውን በሙሉ ከቆርቆሮው መግዣ ጋር ሰጡት። አናጢው ሌባ አልነበረም። አሮጌውን ክዳን ካነሣ በኋላ ግን ሌላ ትልቅ ሥራ ተጠራ፤ የእኒያ እናት ገንዘብ ቀድሞ በእጁ ገብቶ ስለ ነበር የሚያጣድፈው ነገር አልነበረም። ሰኔ ገባ። ልጆቻቸውን ይዘው በጎረቤት ቤት ከረሙ፤ የግድግዳው ጭቃም በዝናብ ታጥቦ ማገሩ ቀረ። በጥቅምት ጣራው ሲከደን ግድግዳው ደግሞ አዲስ ወጪ ጠየቀ።

ስለዚህ ቀብዱ ሥራውን ለማስጀመር ከሚበቃው አይለፍ፤ ቀሪው ሥራውን እየተከተለ ይከፈል። ጣራ የሚነካ ሥራ ሁሉ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ይደረግ። የሚቻል ከሆነ ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ ይግዛ፤ ሲገዛም የቆርቆሮው የጌጅ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ይወቅ፤ 32 ቁጥር ከ28 ቁጥር የሳሳ ነው። አሸዋ በመዳፍ ሲታሽ ዐፈር ትቶ የሚያቆሽሽ ከሆነ ይመለስ። የሲሚንቶ ሥራ ከተሠራ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ መጠጣት አለበት፤ ይህንስ የቤት ልጆች ሊያደርጉት ይችላሉ።

ውል በጽሑፍ ይሁን ሲባል፥ «አላመናችሁኝም ወይ?» ብሎ የሚቀየም ሠራተኛ ይገኛል። ወረቀቱ ግን ለእርሱም ጠበቃ ነው። የሥራው ዓይነት፥ ዋጋው፥ የክፍያው ጊዜና የሚያልቅበት ቀን ይጻፍበት፤ በመካከል ባለቤቱ መስኮት ይጨመርልኝ ቢል የጭማሪው ዋጋ ሥራው ሳይጀመር ይመዝገብ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የሕንጻ ተቋራጭ ለሠራው ሕንጻ ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። አድራሻው የማይታወቅን ሰው ግን ሕጉም ሊይዘው አይችልም፤ ስለዚህ መታወቂያውን ማየት ነውር አይደለም።

ይህን ሁሉ ስንል ባለቤቱ ንጹሕ፥ ሠራተኛው ብቻ ተጠርጣሪ ነው ማለታችን አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ ከአንዳንድ ቤት ገና አልወጣም። የቅዳሜ ሒሳቡን፥ «ሰኞ ና» እየተባለ የሚመላለስ ግንበኛ የቀን ሠራተኞቹን የሚከፍለው ከየት አምጥቶ ነው? እንዲህ የተንገላታ ሰው ጥሎ ቢሄድ ወይም ከሲሚንቶው ቢቀንስ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሥራው አልቆ ርክክብ በሚደረግበት ቀን፥ ፀሐይ በበረታች ጊዜ ከሠራተኛው ጋር ወደ ውስጥ ገብታችሁ በሩንና መስኮቱን ዝጉ፤ ኮርኒስ ካልተሠራም ወደ ጣራው ቀና በሉ። በምስማሩ ቀዳዳ ብርሃን የሚገባ ከሆነ በዚያው ዝናብ ይገባልና፥ መሰላሉ ሳይነሣ ይደፈንና የቀረው ሒሳብ ይከፈል።