የሁለት ጎረቤቶች ግጥሚያ

አውስትራልያና ኒው ዚላንድ በባሕር የተለያዩ ጎረቤቶች ናቸው። በመካከላቸው ያለው የታስማን ባሕር ስፋቱ ወደ 2000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ይሁን እንጂ አንድ አጥር እንደሚያዋስናቸው ቤተ ሰቦች አንዱ የሌላውን ጓዳ ጠንቅቆ ያውቃል። በ1915 ዓመተ ምሕረት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) ልጆቻቸው በጋሊፖሊ የባሕር ዳር አብረው ወርደው አብረው ወድቀዋል። በኳስ ሜዳ የተገናኙ እንደ ሆነ ግን ይህ ሁሉ ዝምድና ለሰማንያ ደቂቃ ይረሳል። ዛሬ የምናነሣው ራግቢ ሊግ በሚባለው የዐሥራ ሦስት ሰዎች ጨዋታ የሚያደርጉትን ፉክክር ነው።

ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። በእጅ ይያዛል፤ ለጓደኛ ሲወረወር ግን ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይሆንም። ኳሱን ይዞ የሚሮጠውን ባላጋራው ይዞ ይጥለዋል፤ አንዱ ወገን ስድስት ጊዜ ከተያዘ በኋላ ተራውን ይለቃል። ከግቡ መስመር አልፎ ኳሱን መሬት ያስነካ ቡድን አራት ነጥብ ያገኛል፤ ቀጥሎም ኳሱ ተመትቶ በቋሚዎቹ መካከል ከአግዳሚው በላይ ቢያልፍ ሁለት ይጨመርለታል። የቀረው ዝርዝር ለባለሙያዎቹ ይቆይ።

ይህ ጨዋታ የተወለደው ከእንጀራ ጥያቄ ነው። በሰሜን እንግሊዝ በከሰል ጉድጓድና በፈትል ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ለቡድናቸው ሲሰለፉ የሥራ ሰዓት ስለሚያመልጣቸው ዋጋቸው ይቀርባቸው ነበር። ቡድኖቹ የቀረባቸውን ያህል እንክፈላቸው ብለው ቢጠይቁ፣ የራግቢው ማኅበር ሹማምንት ለጨዋታ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው ብለው ከለከሉ። እንዲህ ያለውን መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ጎተራው የሞላ መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህም ኦገስት 29 ቀን 1895 በሃደርስፊልድ ከተማ በጆርጅ ሆቴል ከሃያ የሚበልጡ ቡድኖች ተሰብስበው ከማኅበሩ ተለዩ። በ1906 ተጫዋቾቹን ከዐሥራ አምስት ወደ ዐሥራ ሦስት ቀነሱ። ያ ክፍያን ይጸየፍ የነበረው ወገን ልክ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1995፣ ለራሱ ተጫዋቾች ደመወዝ መፍቀዱን አንባቢ ልብ ይበል።

ነገሩን ወደ ሁለቱ ጎረቤቶች ያመጣው አልበርት ሄንሪ ባስከርቪል የተባለ ወጣት ነበር። ይህ ሰው በዌሊንግተን የፖስታ ቤት ጸሐፊ ሲሆን ስለ ራግቢ ጨዋታ መጽሐፍ የጻፈ ነው። በ1907 ተጫዋቾችን አስተባብሮ፣ እያንዳንዱም የመንገዱን ወጪ ከኪሱ አዋጥቶ፣ ትርፍ ቢገኝ እንዲካፈሉ ተስማምተው ወደ እንግሊዝ አገር ተነሡ። የአገሩ የራግቢ ማኅበር ለዘላለም አገደው። ጥቁር ለባሾቹ ዝነኛ የኒው ዚላንድ ተጫዋቾች «ኦል ብላክስ» ይባሉ ስለ ነበር፣ ጋዜጦች እነዚህን ለማሽሟጠጥ «ኦል ጎልድስ»፣ ሁሉም ወርቅ፣ ብለው ሰየሟቸው። በሲድኒ ሲያልፉ ዳሊ ሜሰንጀር የተባለውን ስመ ጥር አውስትራልያዊ ይዘው ሄዱ፤ እንግዲህ ከመጀመሪያው የጎረቤት ልጅ በመካከላቸው ነበረ።

ከእንግሊዝ ሲመለሱ ሜይ 9 ቀን 1908 በሲድኒ አውስትራልያንና ኒው ዚላንድን ያገናኘው የመጀመሪያው ግጥሚያ ተደረገ። ኒው ዚላንድ 11 ለ 10 አሸነፈች። ባስከርቪልም ተሰልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ወደ ብሪስቤን ሲሄድ ታመመ፤ በዚያችም ከተማ ሜይ 20 ቀን በሳንባ ምች ሞተ። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ጓደኞቹ አገራቸው ገብተው ጁን 13 ቀን በዌሊንግተን እርስ በርሳቸው ተጫወቱ፤ የመግቢያው ገንዘብ ለእናቱ ተሰጠ። በኒው ዚላንድ መሬት የተደረገው የመጀመሪያው የራግቢ ሊግ ጨዋታ ይህ ነው። ወርቅ አፍቃሪዎች ተብለው የተዘለፉት ሰዎች በሜዳቸው ያስገቡትን የመጀመሪያ ገንዘብ ምን እንዳደረጉበት፣ ጋዜጦቹ ባሰቡት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ መቶ ዓመት አለፈ። ኖቬምበር 22 ቀን 2008 በዚያችው በብሪስቤን የዓለም ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ ሆነ። አውስትራልያ ከ1975 ጀምራ ዋንጫውን ለማንም አላስነካችም ነበር፤ በውድድሩ መክፈቻም ኒው ዚላንድን 30 ለ 6 ረትታለች። ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ የመጣው የታወቀውን ነገር ሊያይ ነበር ማለት ይቻላል። አውስትራልያ 10 ለ 0 ቀደመች፤ ለዕረፍት ሲወጡም 16 ለ 12 ትመራ ነበር።

በሁለተኛው አጋማሽ ግን በዚያ ዓመት ከዓለም ተጫዋቾች በላጭ ተብሎ የወርቅ ጫማ የተሸለመው ቢሊ ስሌተር፣ በጠርዙ መስመር ሊወጣ ሲል ኳሱን ሳያይ ወደ ሜዳው ወረወረ። ቤንጂ ማርሻል ከመሬት አንሥቶ አገባው። ቀጥሎ ጆኤል ሞናሃን ኳስ ያልያዘውን ላንስ ሆሃያን በመጣሉ ዳኛው ነጥቡን ለኒው ዚላንድ ፈረደ። ፍጻሜው 34 ለ 20 ሆነ።

ታዲያ ይህ የባዕድ ድል ነበርን? ማርሻል የተማረው በአውስትራልያ ትምህርት ቤት፣ የሚጫወተውም በሲድኒ ቡድን ነበር። ኒው ዚላንዶችን ይመክር የነበረው ዌይን ቤኔት ደግሞ ብሪስቤንን ለረጅም ዘመን ያሠለጠነ፣ የዚያው አገር ተወላጅ ነው። ሜሰንጀርን የሰጠችው አውስትራልያ ከመቶ ዓመት በኋላ ቤኔትን ሰጠች።

ብድሩም ሳይመለስ አልቀረም። በ2013 በማንቸስተር በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ አውስትራልያ 34 ለ 2 አሸነፈች። በ2023 ኖቬምበር ደግሞ ኒው ዚላንድ በሃሚልተን ከተማ 30 ለ 0 ረታቻት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አውስትራልያ እንዲህ ባለ ልዩነት ተሸንፋ አታውቅም።