ቅጠሉ የት አለ?

በጂቡቲ ከተማ ቅጠል ብርቅ ነው። ዝናሙ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ በሰኔና በሐምሌም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ለወጥ የሚሆነው አትክልት እንኳ በብዛት ከኢትዮጵያ ተጭኖ ይመጣል። ይሁን እንጂ በከተማው ገበያ፥ ዱሮ የምኒልክ አደባባይ ይባል ከነበረው፥ ዛሬ ግን በነጻነቱ ቀን በሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ከሚጠራው ሥፍራ ሳይርቅ፥ የአፋር ሴቶች የሠሩት የዘንባባ ሰሌን ይገኛል።

ሴቶቹ ቅጠሉን ሰንጥቀው ያደርቁታል፤ ከፊሉንም ቀለም ይነክሩታል። ቀጥሎም በውኃ አርሰው እንደ ሹሩባ ይጎነጉኑታል፤ ጉንጉኑንም ጎን ለጎን እያደረጉ ይሰፉታል። ከዚህ በኋላ ቅጠሉ ቅጠል አይመስልም፤ ማዕዘንና መስመር ሆኗል። ልኩ የተጻፈበት ወረቀት የለም፤ ልጅቱ ከእናቷ እጅ እየቆጠረች ትማረዋለች እንጂ። በዚህ ሰሌን ላይ የተቀመጠ ሰው «ቅጠሉ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምተን አናውቅም።

ሠዓሊዎቻችን ግን ይህን ጥያቄ ዘወትር ይጠየቃሉ። በአዲስ አበባ ተወልደው፥ ዛሬ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም ከሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1994 ዓ.ም. የተመረቁት ሠዓሊት መሪኮከብ ብርሃኑ አንዷ ናቸው። ኑሯቸው በአሜሪካ በሜሪላንድ ነው፤ ሥራቸውም በ2014 ዓ.ም. በኢጣልያ በቬኒስ ቢየናሌ ታይቷል። በሥዕሎቻቸው ዘር የሚመስል፥ ሥር የሚመስል፥ በማኅፀን ያለ ፅንስ የሚመስል ቅርጽ ይታያል፤ በአጠገቡም የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የውስጥ መስመር የሚመስል ነገር ይዘረጋል። ለብዙዎቹ ስም አላወጡላቸውም፤ በቁጥር ብቻ ይለያሉ። ይህ ተመልካቹን ግራ ያጋባል የሚሉ አሉ። እኛ ግን መልካም አድርገዋል እንላለን፤ ስም ቢጻፍበት ብዙው ሰው ስሙን አንብቦ ያልፍ ነበርና። የቅጠልንስ መልክ ካሜራም ይይዘዋል፤ ዘር ከአፈር በታች ሲነቃ ምን እንደሚሆን ግን ፎቶግራፍ አንሺ ቆሞ አይጠብቀውም።

እመቤቶች ሆይ፥ ሕፃን አረንጓዴና ጥቁር መስመር አስምሮ «ዛፍ ነው» ቢላችሁ፥ «ዛፍ እንዲህ ነውን?» ብላችሁ እርሳሱን ከእጁ አትቀሙት። «ዛፉ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ይረዝማል።

የሚያሳስበን ሰሌኑ ነው። የላስቲክ ምንጣፍ ርካሽ ነው፥ በቶሎም ይታጠባል፤ የሚገዛውን አንወቅስም። ነገር ግን የመሪኮከብን ሥዕል ግድግዳ ይጠብቀዋል፥ መጽሐፍም ያትመዋል፤ የአፋሯ እናት ንድፍ ግን ከጣቶቿ በቀር ማኅደር የለውም። ሻጯን የሠሪዋን ስም ብትጠይቁ፥ ከጀርባውም በቀለም ብትጽፉት ድካም አይሆንም።

ሰሌን ገዝታችሁ ወደ ደጋ የምትወስዱም፥ የደረቀ ቅጠል ሲታጠፍ ይሰነጠቃልና፥ ከመጠቅለላችሁ በፊት ጥቂት ውኃ አርከፍክፉበት፤ ስትዘረጉትም ጥላ ውስጥ አድርቁት።