ከፍትፍቱ ፊቱ



ወላጆቻችን የልጅን መወለድ የሚያከብሩበት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በ40 ቀን፣ ሴት ልጁን በ80 ቀን ክርስትና ሲያስነሣ ይደግሳል። ሙስሊሙም ልጁ በተወለደ በ7ኛው ቀን አርዶ ጎረቤቱን ይጠራል። በየዓመቱ ቀኑን እየቆጠሩ ሻማ ማብራት ግን በብዙ ቤት ዘግይቶ የመጣ ልማድ ነው። ዘግይቶ መጣ ብዬ ልማዱን አልነቅፈውም፤ ጓደኛን «እንኳን ተወለድህ» ማለት መልካም ነገር ነውና። እኔን የሚያሳስበኝ አከባበሩ ነው። በእኛ በተማሪዎች ዘንድ የልደት ግብዣ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚነሣው «ስንት ብር እናዋጣ?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ «ጓደኛችንን ምን ደስ ያሰኘዋል?» የሚለው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓምና ለአንድ የክፍላችን ልጅ ልደት ከእያንዳንዳችን 300 ብር ተዋጥቶ በአንድ ካፌ ኬክ ተቆረሰ። ከጓደኞቻችን አንዱ «ራሴን አሞኛል» ብሎ ቀረ፤ እኛም አመንነው። የታመመው ራሱ ሳይሆን ኪሱ እንደ ነበረ ያወቅሁት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ያን ቀን ሳስብ እስካሁን አፍራለሁ፤ መዋጮውን ከሰበሰቡት አንዱ እኔ ነበርሁና።

ዘንድሮ ተራው የዚያው የቀረው ጓደኛችን ሆነ። ይህን እንድጽፍ እርሱ ራሱ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም። አገሩ መንዝ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከቤት በሚላክለት ስንቅ ይማራል። ሰኞ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. አንድ ቅጽ ስንሞላ፣ የተወለደበትን ቀን ታኅሣሥ 21 ብሎ ጻፈና «እናቴ ለማርያም ነው የወለድሁህ ትለኛለች፤ ለካ ነገ 18 ዓመት ሊሞላኝ ነው!» ብሎ ሳቀ። እኛ ግን አልሳቅንም፤ እርስ በርሳችን ተያየን።

ጊዜው በጣም ጠባብ ነበር። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት የምንወጣው በ9 ሰዓት ተኩል ነው። በማግሥቱ የሒሳብ ፈተና አለብን። ቤታቸው ሩቅ የሆነው እኅቶቻችንም ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት መነሣት ነበረባቸው። እንግዲህ ለማሰናዳትም፣ ለመብላትም፣ ዕቃ ለማጠብም የነበረን ጊዜ ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። አንዱ «ጊዜ ከሌለ ምግብ ቤት እንጋብዘው» አለ። ሌላው «18 ዓመት በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው፤ ዶሮ ወጥ ይሠራለት» አለ። ሁለቱም በቅን ልብ የተናገሩት ነው። ዳሩ ግን የምግብ ቤቱ ሐሳብ ዓምና ወደ ሠራነው ስሕተት የሚመልሰን ሆነ፤ የዶሮውም ከሰዓታችን ጋር የማይስማማ ሆነ። ስለዚህ ተመካክረን በሌላ መንገድ ሄድን። ከዚያ የተማርሁትን በሦስት ነገር ልግለጽ።

አንደኛ፤ ምግቡ ከጊዜው ጋር መስማማት አለበት። ዶሮ ታጥባ፣ በ12 ብልት ተገነጣጥላ፣ ሽንኩርቱም ቀስ ብሎ እስኪበስል ድረስ ምሽቱ ያልፋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ሽንኩርቱን ያጣደፈ ሰው ወጡን ያበላሻል። ወቅቱም ጾመ ነቢያት ነበር። ከዚህ ሌላ በመካከላችን ሙስሊሞች ጓደኞች ስላሉ፣ ሥጋ ቢቀርብ ኖሮ ለአንድ ጓደኛ ልደት ሁለት ማዕድ መዘርጋት ግድ ይሆን ነበር። ሽሮና ምስር ወጥ ግን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳሉ፤ ጾመኛውም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበላቸዋል። ጊዜ ማጣታችን አንድ ላይ ወደሚያስቀምጠን ማዕድ መራን ብል ማጋነን አይሆንም። በአንድ ቀን የማይደርሰውን ነገር ደግሞ ካለው ሰው መለመን ነውር አይደለም። የእንጀራ ሊጥ ለመቡካት ሦስት ቀን ያህል ይፈልጋል፤ እናቴ ሰኞ የጋገረችው እንጀራ ባይኖር ኖሮ ባዶ ትሪ ከበን በተቀመጥን ነበር። ነገሩን ስነግራት «ለሰው ልጅ እንዲህ ማሰባችሁ ደግ ነው» ብላ ዳቦውንም ሰኞ ማታ አቡክታ በማግሥቱ ደፋችልን።

ሁለተኛ፤ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚችለውን ይዞ ይምጣ፤ ያመጣው ነገር ግን አይቆጠር። አንዱ ሽንኩርት፣ አንዷ ቲማቲምና ቃሪያ፣ ሌላው አንድ ኩባያ ምስር ይዞ መጣ። ምንም ያልያዘው ሽንኩርት ላጠ፣ ውኃ ቀዳ፣ ዕቃ አጠበ። ማን ምን እንዳመጣ የሚጻፍበት ወረቀት አልነበረም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ማለት ይህ ይመስለኛል። ወንዶች ወንድሞቼም ማድ ቤት መግባትን እንደ ውርደት አይቍጠሩት። እኔ ሽንኩርት ስልጥ ዕንባዬ ወርዷል፤ ክብሬ ግን ሲወርድ አላየሁም።

ሦስተኛ፤ ለአንድ ድስት አንድ ኃላፊ ይኑረው። ይህን የተማርነው በጥፋታችን ነው። ምስሩን ማን እንደሚጠብቀው ስላልተነጋገርን እኔም ጨው ጨመርሁ፤ ጓደኛዬም ጨመረ። ብንቀምሰው አልበላ አለን። እናቴ ሳቀችና ጨው የሌለው ሌላ ምስርና ውኃ አስጨምራ አዳነችን። ይሁን እንጂ ሩብ ሰዓት ከሰርን። ጊዜው አጭር ሲሆን ሥራን አስቀድሞ መከፋፈል ከፍጥነት ይበልጣል።

ባለ ልደቱን በ12 ሰዓት ጠራነው። ለጥናት የተጠራ መስሎት ደብተሩን ይዞ መጣ። ዳቦው ተቆረሰ፤ እራቱም ተበላ። ከመካከላችን አንዲቱ እኅታችን እርሱ ዘወትር ስለ አገሩ ሲያወራ ስለ ጦስኝ የሚናገረውን አስታውሳ፣ ከገበያ ጥቂት ገዝታ ኖሮ በጦስኝ የተፈላ ሻይ ቀረበ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ጥቂት ዝም አለ። «የቤታችን ሽታ ነው» አለ። ቀጥሎ ወደ እናቱ ስልክ ደወለና ስልኩን በትሪው አጠገብ አኖረው። እናቱ ነገሩን ሲሰሙ እልል አሉ፤ እኛንም አንድ በአንድ ስማችንን እየጠየቁ «እደጉ፣ ተመንደጉ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ» ብለው መረቁን። በዚያች ማታ ራሱን አሞት የቀረ ሰው አልነበረም።

ከአንባብያን መካከል «ዛሬ ሽሮ ለልደት ይቀርባልን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ኬክንና ምግብ ቤትን አልጠላም፤ ገንዘቡ ያለው ሰው ወዳጁን ቢጋብዝበት ደስ ይለኛል። የምቃወመው የአንዱ ደስታ በሌላው ሐፍረት እንዲገዛ ነው። ጊዜ የለንም ብለን ምንም ሳናደርግ መቅረትም አይገባንም። ወዳጅን ለማክበር ብዙ ቀን አያስፈልግም፤ እርሱን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ያቺ እኅታችን የገዛችው ጦስኝ ዋጋው ከአንድ የኬክ ቁራሽ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ለሁለት ዓመት አብሮን የተቀመጠውን ልጅ በእውነት ያዳመጠችው እርስዋ መሆንዋን ገለጠልን።

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ የሚቀጥለው ልደት ሲደርስ መዋጮውን ከመወሰናችን በፊት በክፍላችን ውስጥ ዘወር ብለን እንይ። ማን ሊቀር እንደሚችል አስቀድመን ካሰብን፣ ምን መሥራት እንደሚገባን አይጠፋንም።