ቁጠባው ደመወዙ እጅ ሳይገባ ይቆረጥ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስለ ወጣቶች ቁጠባ ሲነሳ ወቀሳው ቶሎ ወደ ጠባይ ይሄዳል፤ ካፌ አበዙ፣ ስልክ ቀያየሩ፣ ጫት ላይ ጨረሱት ይባላል። ወቀሳው ግን የደመወዝ መክፈያ ሉሁን አላየም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ቋሚ ሠራተኛም ሆነ ደሴ ላይ በግል ድርጅት የተቀጠረ የሂሳብ ሠራተኛ ለጡረታ ይቆረጥበታል። ዛሬ ድርሻው 7 በመቶ ነው፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። አባካኝ የተባለው ወጣት ይህችን ገንዘብ አላባከናትም፤ ቆጣቢ ስለሆነ ሳይሆን እጁ ስላልገባች ነው። የጎደለው ምክር አይመስለኝም፤ ምክርማ ሞልቷል። የጎደለው ወጣቱ አንድ ጊዜ ወስኖ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ከራሱ ጋር የማይሟገትበት አሠራር ነው።

ዕቁብም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ዋሱ እያሉ የዚህን ሳምንት ልለፍ ማለት ያሳፍራል። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ጠርቀም ብሎ ስለሚመጣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም የሱቅ ዕቃ ለመግዛት ይበቃል። «ዕቁብ ካለን ባንክ ምን ያደርግልናል?» የሚለው ጥያቄ ታዲያ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ሕመም ወይም ከሥራ መቀነስ በሚመጣበት ቀን ላይ ነው። ዕጣው ያልደረሰው ሰው ሌላውን ለምኖ መቅደም ይኖርበታል፤ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ደግሞ ሥራ ቢያጣም መክፈሉን አያቆምም። ለድንገተኛ ችግር የምትሆን ትንሽ ገንዘብ ለብቻዋ መቀመጥ አለባት።

ከባዱ ተቃውሞ የደመወዙ ማነስ ነው። ለግል ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባልተወሰነበት አገር፣ የቤት ኪራይና ምግብ ከፍሎ ምንም የማይተርፈውን ሰው ቆጥብ ማለት ስድብ ይሆናል፤ እሱ የሚያስፈልገው የደመወዝ ጭማሪ ነው። ብዙው ግን ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ለምሳሌ ከ5,000 ብር 3 በመቶው 150 ብር ነው፤ በዓመት 1,800 ይሆናል። ሀብት አይባልም፣ በወር መጨረሻ ከመበደር ግን ያድናል። የዋጋ ንረቱም እውነት ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው መጠን 7 በመቶ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። ስለዚህ ባንክ የሚቀመጠው የሁለት ሦስት ወር ወጪ ብቻ ይሁን፤ ትርፉ ወደ ሙያ ሥልጠናና ወደ መሥሪያ ዕቃ ይዙር። ዕቃም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከቤትና ከሱቅ የተዘረፈው ዕቃ ነበር።

አሠራሩን ለመዘርጋት አዲስ ሕግ አያሻም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማ ከደመወዙ መቁረጥን ይፈቅዳል፤ ጠቅላላ ተቆራጩ ግን ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የስምምነት ቅጹን ከቅጥር ውሉ ጋር አብረው ያቅርቡ፤ መቶኛውን ሠራተኛው ራሱ ይሙላ፣ ሲፈልግም ያቁም። ገንዘቡ በአሠሪው ካዝና ሳያድር በቀጥታ በሠራተኛው ስም ወደተከፈተ ሂሳብ ይግባ። ወሎ ውስጥ ደግሞ ወለድ የማይቀበል ብዙ ወጣት ስላለ፣ ከወለድ ነጻ የሆነው ሂሳብ በዚያው ቅጽ ላይ ጠያቂ ሳይጠብቅ ይስፈር።