ማረጋገጫው በየትኛው ቋንቋ ይታሰባል?

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በጊንጪ፣ በጉደር ወይም በጌዶ የሚያድግ ልጅ ሒሳብን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል። 9ኛ ክፍል ሲገባ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሆናል። ይኸው ተማሪ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ደርሶ በሒሳብ የማስተርስ ትምህርቱን ሲጀምር የሚገጥመው ችግር ብዙውን ጊዜ የስሌት ሳይሆን የዓረፍተ ነገር ነው።

ለዚህ የሪል አናሊሲስ ትምህርት ጥሩ ምስክር ነው። አንድ ፈንክሽን በእያንዳንዱ ነጥብ ቀጣይ ነው ሲባል፣ ለተሰጠው ነጥብና ለማንኛውም አዎንታዊ ኤፕሲሎን ተስማሚ ዴልታ ይገኛል ማለት ነው። ወጥ ቀጣይነት ግን ከዚህ በላይ ይጠይቃል፤ ለተሰጠው ኤፕሲሎን አንዱ ዴልታ ለነጥቦቹ ሁሉ መብቃት አለበት። የኤክስ ካሬ ፈንክሽን በሪል ቁጥሮች ሁሉ ላይ የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ኤክስ በጨመረ ቁጥር ዴልታው ማነስ ስላለበት ሁለተኛውን አያሟላም። በእንግሊዝኛው ትርጓሜ ልዩነቱ የጥቂት ቃላት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ተማሪው ሁለቱን በቃሉ ይዞ ሳይለያቸው ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። «እያንዳንዱ በር የሚከፍተው ቁልፍ አለው» እና «በሮቹን ሁሉ የሚከፍት አንድ ቁልፍ አለ» የሚሉትን ግን የሚያምታታ አይኖርም። በአፋን ኦሮሞ ቁልፉ «ፉርቱ» ቢባልም ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ሴሚናር ተማሪው የማረጋገጫውን ሐሳብ አስቀድሞ በሚያስብበት ቋንቋ በቃል እንዲያስረዳ፣ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ሊፈቅድ ይገባል።

የሚነሣው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይቀርባል፤ የተማሪዎቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አንድ አይደለም፤ ለብዙ ጽንሰ ሐሳቦችም የጋራ ስያሜ አልተበጀም። ሆኖም ስያሜውን ተውሶ ምክንያቱን በራስ ቋንቋ ማስረዳት ይቻላል፤ ቋንቋውን የማያውቅ ባልደረባ ሲኖርም ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ይደገማል። ይህ ጊዜ መውሰዱ አይካድም፤ ያልገባን ማረጋገጫ በዝምታ ከመገልበጥ ግን ይሻላል።

ጉዳዩ ከሴሚናር ክፍሉ ያልፋል። ከተመራቂዎቹ መካከል በዞኑ ከተሞች ተመልሰው 9ኛ ክፍልን የሚያስተምሩ አሉ፤ ከፊታቸው የሚቀመጠውም ገና ቋንቋ የቀየረ ልጅ ነው። ማረጋገጫን በራሱ ቋንቋ አስረድቶ የማያውቅ መምህር ለዚህ ልጅ ቀመሩን ይሰጠው ይሆናል፤ ምክንያቱን ግን ሊሰጠው አይችልም።